ለአነስተኛ የብረታ ብረት ወርክሾፕ የመሣሪያ አመራረጥ፦ ከግዢ በፊት ሊሠሩ የሚገባቸው ስሌቶች

መግቢያ

ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው የብረታ ብረት ሥራ ሲጀምሩ ከሁሉ አስቀድሞ የሚገጥማቸው ጥያቄ «ምን እንግዛ?» የሚል ነው። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም መልሱ የወርክሾፑን የቀጣይ ዓመታት ዕጣ የሚወስን ነው። የመነሻ ገንዘቡ ውስን ነው፤ ብዙ ጊዜም ከብድር የተገኘ ነው፤ አለዚያም ማሽኑ በአዋጅ ቁጥር 103/1990 በተፈቀደው የካፒታል ዕቃ ኪራይ አሠራር የመጣ ይሆናል። በሁለቱም መንገድ ማሽኑ ሥራ ላይ ዋለም ጥግ ይዞ ቆመም ክፍያው አይቆምም። ስለዚህ የማያስፈልግ ማሽን መግዛት ገንዘብ ማባከን ብቻ አይደለም፤ ለሚያስፈልገው መሣሪያ ይውል የነበረውን ገንዘብም አስሮ ማስቀመጥ ነው።

ምርጫው በአመዛኙ ከሦስት መንገዶች በአንዱ ሲካሄድ ይታያል። አንደኛው ቀድሞ የተቋቋመ ወርክሾፕ የያዛቸውን ማሽኖች ዝርዝር እንዳለ መቅዳት ነው። ሁለተኛው በማሽኑ ላይ የተጻፈውን ትልቅ ቁጥር መከተል ነው፤ 200 አምፒር ከ160 አምፒር ይበልጣልና ይሻላል ከሚል ግምት የሚነሣ ነው። ሦስተኛው ዝቅተኛውን ዋጋ መፈለግ ነው። ሦስቱም የሚጋሩት ጉድለት አለ፤ ወርክሾፑ ምን እንደሚያመርት፣ ጊዜውን የሚወስደው የትኛው ሥራ እንደሆነ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩም ምን ያህል እንደሚሸከም አይጠይቁም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ጥያቄዎች በቀላል ስሌት መመለስ እንደሚቻል ማሳየት ነው። ለማብራሪያነት የተመረጠው አምስት ያህል ሠራተኞች ያሉት፣ በ220 ቮልት ባለ አንድ ፌዝ መስመር የሚሠራ፣ በርና መስኮት፣ የግቢ በር፣ የደረጃ መደገፊያና የውኃ ታንከር ማስቀመጫ የሚያመርት ወርክሾፕ ነው። እንዲህ ያለው ወርክሾፕ በአዲስ አበባም ሆነ በክልል ከተሞች በብዛት የሚገኝ ነው።

1. ከማሽኑ ሳይሆን ከምርቱ መነሣት

የምርጫው መነሻ በብዛት የሚመረተው ዕቃ ሊሆን ይገባል። በ40 በ40 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬና በላሜራ የሚሠራ፣ 900 ሚሊ ሜትር ስፋትና 2100 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው በር እንውሰድ። ሥራው መለካት፣ መቁረጥ፣ መገጣጠም፣ መበየድ፣ ብየዳውን መፍጨት፣ ማጠፊያና ቁልፍ ማስገባት ተብሎ ይከፈላል። ለማሳያ ያህል መለካቱ 25፣ መቁረጡ 45፣ መገጣጠሙና ማቃናቱ 40፣ ብየዳው 60፣ መፍጨቱ 80፣ ማጠፊያና ቁልፍ ማስገባቱ 30 ደቂቃ ይወስዳል እንበል። ድምሩ 280 ደቂቃ ነው።

አሁን ሁለት አማራጮችን እናነጻጽር። የመጀመሪያው የብየዳውን ጊዜ በግማሽ የሚቀንስ ማሽን መግዛት ነው። ከ280 ደቂቃ 30 ደቂቃ ይተርፋል፤ ይህም 11 በመቶ ገደማ ነው። በእርግጥ ትርፉ ከዚህም ያንሳል፤ ምክንያቱም በብየዳ ጊዜ ውስጥ አርኩ የሚነድበት ጊዜ ከፊሉ ብቻ ነው፤ የቀረው ኤሌክትሮድ መቀየር፣ ጥቀርሻ ማራገፍና ዕቃውን ማገላበጥ ነው። ሁለተኛው አማራጭ ትክክለኛ የመቁረጫ መደገፊያ፣ ጥቂት ክላምፖችና ጠፍጣፋ የመበየጃ ጠረጴዛ ማዘጋጀት ነው። ይህ የመገጣጠሚያውንና የመፍጫውን ጊዜ በግማሽ ቢቀንስ 60 ደቂቃ ይተርፋል፤ ማለትም 21 በመቶ ያህል ነው። ዋጋው ያነሰው አማራጭ የትርፉን እጥፍ አስገኘ ማለት ነው።

ከላይ ያሉት ደቂቃዎች ለማሳያ የተወሰዱ ናቸው። እያንዳንዱ ወርክሾፕ የራሱን ሊለካ ይችላል፤ ለዚህም የእጅ ሰዓትና አንድ ደብተር ይበቃል። ከአምስት እስከ አስር ዕቃዎች የሥራ ጊዜ ከተመዘገበ በኋላ ትልቁ ቁጥር የት እንዳለ ይታያል። ትልቁ ቁጥር ያለበት ቦታ ግን የችግሩ ምንጭ ያለበት ቦታ ላይሆን እንደሚችል ልብ ማለት ያስፈልጋል። መፍጨት ረጅም ጊዜ የሚወስደው መፍጫው ደካማ ስለሆነ ላይሆን ይችላል፤ ክፍተቱ ሰፊ ስለነበር ብየዳው በዝቶ ይሆናል፤ ክፍተቱም የመጣው ከአቆራረጥ ጉድለት ይሆናል።

2. መለኪያና መያዣ፦ ርካሹ ትክክለኛነት

አንድ ቱቦላሬ በእጅ መቁረጫ ሲቆረጥ ከቀጥታው በ2 ዲግሪ ቢያፈነግጥ በ40 ሚሊ ሜትሩ ስፋት ላይ የሚፈጠረው ክፍተት 1.4 ሚሊ ሜትር ነው። የቱቦላሬው ግድግዳ 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ክፍተቱ ከብረቱ ውፍረት ጋር ተቀራረበ ማለት ነው። በዚህ ሁኔታ በያጁ ቀዳዳ እንዳይከፈትበት ኤሌክትሮዱን እያቋረጠና እየመለሰ ለመሙላት ይገደዳል፤ ብየዳው ያብጣል፤ ከዚያ የፈሰሰው ብረት በዲስክ ተፈጭቶ ይወጣል። አንድ ስሕተት ኤሌክትሮድ፣ ዲስክ፣ መብራትና የሰው ጉልበት በተከታታይ ይበላል።

የተገጣጠመው ክፈፍ ማዕዘኑን መጠበቁን ለማረጋገጥም ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ክፈፉ ቀጥ ያለ ከሆነ ከጥግ እስከ ጥግ የሚለኩት ሁለቱ ሰያፍ ርዝመቶች እኩል ናቸው፤ ለተጠቀሰው በር 2285 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናሉ። የላይኛው ጠርዝ 5 ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ቢዘም የሁለቱ ልዩነት 4 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ይህን አንድ የብረት ሜትር በቀላሉ ያሳያል። ልዩነቱ በነጥብ ብየዳ ደረጃ ከታየ በመዶሻ ይቃናል፤ ብየዳው ካለቀ በኋላ ከታየ ግን መቁረጥ ግድ ይሆናል።

ስለዚህ በግዢው ዝርዝር ከላይ ሊቀመጡ የሚገባቸው የማይታጠፍ ስኳድራ፣ የብረት ሜትር፣ የጭረት ምልክት ማድረጊያ፣ ካሊፐር፣ ጠንካራ ሞርሳና ቢያንስ ስድስት ክላምፖች ናቸው። ጠረጴዛው በወርክሾፑ ውስጥ ሊሠራ ይችላል፤ ዋናው ነገር ገጹ ጠፍጣፋ፣ እግሮቹም የማይወላውሉ መሆናቸው ነው። ተመሳሳይ ዕቃ በተደጋጋሚ የሚመረት ከሆነ በጠረጴዛው ላይ ቁርጥራጭ አንጎላሬ በይዶ ቋሚ ማቀናበሪያ መሥራት ይቻላል። ክላምፑ ከመያዝ ሌላ ተጨማሪ አገልግሎት አለው፤ ብየዳው ሲቀዘቅዝ እየተሰበሰበ ክፈፉን የሚጎትተውን ኃይል ይቋቋማል።

በባህላዊው የቀጥቃጭ ቤት ወናፍ፣ መስፍ፣ ጉጠትና መዶሻ ነበሩ። ጉጠቱ የጋለውን ብረት አጥብቆ ካልያዘ የመዶሻው ምት እንደሚባክን ቀጥቃጩ ያውቃል። ዛሬም ቢሆን ዕቃውን የሚይዘው መሣሪያ ዕቃውን ከሚሠራው መሣሪያ አስቀድሞ መታሰብ አለበት።

3. መቁረጫ፦ ፍጥነት፣ ጥራትና አደጋ

ለአነስተኛ ወርክሾፕ ሦስት ዋና የመቁረጫ አማራጮች አሉ፤ የእጅ ግራይንደር፣ 355 ሚሊ ሜትር ዲስክ የሚይዝ ባለ መቀመጫ መቁረጫ፣ እና ቀበቶ መጋዝ ናቸው። ግራይንደር በዋጋ ርካሽና ለብዙ ሥራ የሚውል ነው፤ የአቆራረጡ ቀጥተኛነት ግን በሠራተኛው እጅ ላይ የተመሠረተ ነው። ባለ መቀመጫው መቁረጫ ዕቃውን በማሰሪያው ስለሚይዝ ማዕዘኑን ይጠብቃል፤ 45 ዲግሪም መቁረጥ ያስችላል። ሆኖም ጫጫታውና ፍንጣሪው ብዙ ነው፤ የተቆረጠው ጠርዝም በሙቀት የተቃጠለና እሾህ ያለበት ይሆናል። ቀበቶ መጋዝ ቀስ ብሎ የሚቆርጥ ቢሆንም ጠርዙ ንጹሕ ነው፤ ብዙ ዘንጎችን በአንድነት አስሮ መቁረጥ ያስችላል፤ ሠራተኛውም እስከዚያው ሌላ ሥራ ይሠራል። ምላጩ ግን እንደ ዲስክ በየሱቁ የሚገኝ ስላልሆነ ከግዢው በፊት የምላጩን አቅርቦት ማጣራት ይገባል። በቀን ጥቂት ዘንግ ለሚቆርጥ ወርክሾፕ ባለ መቀመጫው መቁረጫ ሚዛናዊ ምርጫ ነው።

በመቁረጫ ምርጫ ውስጥ የሰው አካል የሚጎዳበት አንድ ስሌት አለ። በሬዚን የተጣበቁ የመቁረጫ ዲስኮች በአብዛኛው በጠርዛቸው ላይ ከ80 ሜትር በሰከንድ ለማይበልጥ ፍጥነት የተሠሩ ናቸው። 230 ሚሊ ሜትር ዲስክ በደቂቃ 6600 ዙር ሲዞር የጠርዙ ፍጥነት ይህን ልክ ይደርሳል። ትንሹ ግራይንደር ደግሞ ለ115 ሚሊ ሜትር ዲስክ የተሠራ ሲሆን በደቂቃ 11,000 ዙር ያህል ይዞራል። በዚህ ትንሽ ግራይንደር ላይ መከላከያው ተነቅሎ ትልቁ ዲስክ ቢገጠም የጠርዙ ፍጥነት 132 ሜትር በሰከንድ ይሆናል። ዲስኩን ለመበተን የሚታገለው ኃይል ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ ጫናው ከተፈቀደው 2.7 እጥፍ ይደርሳል። ዲስኩ ሲፈነዳ ቁርጥራጩ ፊትና አንገት ላይ ያርፋል። የዚህ ልማድ መነሻ አብዛኛውን ጊዜ ስንፍና አይደለም፤ ትንሹ ዲስክ ለወፍራም ብረት አልደርስ ሲል ሠራተኛው ያለውን መሣሪያ ማብቃቃቱ ነው። ስለዚህ ሁለት መጠን ያላቸው ግራይንደሮችን መግዛት እንደ ቅንጦት ሊታይ አይገባውም፤ አንዱን ከታሰበለት ሥራ ውጪ ከማዋል የሚያድን ነው።

ዲስኩም ዕድሜ አለው። በመካከለኛው የብረት ቀለበት ላይ የሚታየው ወርና ዓመት የመጠቀሚያው ማብቂያ ነው፤ ከተመረተ ጀምሮ ከሦስት ዓመት አይበልጥም። እርጥበት ማጣበቂያውን ያዳክማል። ስለዚህ በብዛት መግዛት ዋጋ ቢቀንስም በደረቅ ቦታ የሚቀመጥበትና በጊዜው የሚያልቅበት ሁኔታ ከሌለ ቁጠባ አይሆንም።

4. የብየዳ ማሽን፦ በትልቁ ቁጥር አለመመራት

በበትር ኤሌክትሮድ ለሚሠራ ብየዳ ማሽኖች የሚለኩበት የአርክ ቮልቴጅ በ20 ላይ የአምፒሩን 0.04 እጥፍ በመደመር ይገኛል። 3.2 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ በ110 አምፒር ቢነድ ቮልቴጁ 24.4፣ ኃይሉም 2.7 ኪሎ ዋት ገደማ ነው። ይህ ከአርኩ ዘንድ የሚደርሰው ነው፤ ከመስመሩ የሚሳበው ግን በማሽኑ ዓይነት ይለያያል።

አንድ ኢንቨርተር የኃይል ብቃቱ 80 በመቶ፣ የኃይል ፋክተሩ 0.7 ነው ብንል ከ220 ቮልት መስመር 22 አምፒር ገደማ ይስባል። የተለመደው ባለ ትራንስፎርመር ማሽን ብቃቱ 70 በመቶ፣ የኃይል ፋክተሩ 0.55 ቢሆን ለዚያው ሥራ 32 አምፒር ገደማ ይስባል። የመስመሩ ብሬከር 25 አምፒር ከሆነ ኢንቨርተሩ ይሠራል፤ ትራንስፎርመሩ ግን ብሬከሩን ደጋግሞ ሊጥለው ይችላል። በተጨማሪም 2000 ዋት የሚወስድ ትልቅ ግራይንደር ከ9 እስከ 10 አምፒር ስለሚስብ በያጁና ፈጪው በአንድ ጊዜ ሊሠሩ አይችሉም። አምስት ሰው ባለበት ወርክሾፕ ይህ ማለት አንዱ ሌላውን ይጠብቃል ማለት ነው። ስለዚህ አንዳንድ ጊዜ ምርትን የሚጨምረው ተጨማሪ ማሽን መግዛት ሳይሆን መስመሩን ማሳደግ ወይም ባለ ሦስት ፌዝ መጠየቅ ነው።

የማራዘሚያ ገመዱም ከስሌቱ ሊወጣ አይገባም። 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ 50 ሜትር ቢዘረጋ የደርሶ መልሱ ተቃውሞ 0.7 ኦም ነው። 22 አምፒር ሲያልፍበት 15 ቮልት ያህል ይጠፋል፤ ከ300 ዋት በላይም በገመዱ ውስጥ ወደ ሙቀት ይቀየራል። ገመዱ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ይህ ሙቀት መውጫ አጥቶ ሽፋኑን ሊያቀልጥ ይችላል። በ6 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ግን የሚጠፋው 6 ቮልት ገደማ ብቻ ነው።

ቀጣዩ መመዘኛ የሥራ ዑደት ነው። በማሽኑ ሰሌዳ ላይ ከአምፒሩ ጎን የሚጻፈው መቶኛ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ማሽኑ ሳያርፍ ሊበይድ የሚችልበትን ጊዜ ያመለክታል። «200 አምፒር፣ 20 በመቶ» ማለት ሁለት ደቂቃ በይዶ ስምንት ደቂቃ ማረፍ አለበት ማለት ነው። በሌላ አምፒር የሚኖረውን ዑደት ለመገመት የሁለቱ አምፒሮች ንጽጽር በካሬ ይባዛል። በዚህ መሠረት ያ ማሽን በ110 አምፒር 66 በመቶ ያህል ይሠራል። «160 አምፒር፣ 60 በመቶ» የሚል ማሽን ግን በ110 አምፒር ያለ ዕረፍት ሊሠራ ይችላል፤ ያለማቋረጥ የሚሸከመው 124 አምፒር ገደማ ነውና። በትልቁ ቁጥር የተመራ ገዢ ለዕለት ሥራው ደካማ የሆነውን ማሽን መረጠ ማለት ነው። በሰሌዳው ላይ የሥራ ዑደቱ ጨርሶ ካልተጻፈ የአምፒሩ ቁጥር ብቻውን የሚነግረው ነገር የለም።

የኤሌክትሮዱ ዓይነትም በማሽኑ ላይ ይወሰናል። ኢ 6013 በተለዋዋጭም በቀጥተኛም ኤሌክትሪክ በቀላሉ የሚነድ በመሆኑ ለበርና ለመስኮት ይስማማል። ጭነት ለሚሸከም ሥራ የሚመረጠው ኢ 7018 በአብዛኛው ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ ደረቅ ሆኖ መቀመጥም አለበት፤ እርጥበት የጠጣ ከሆነ ሃይድሮጅን ወደ ብየዳው ገብቶ ስንጥቅ ሊያስከትል ይችላል። የውኃ ታንከር መሸከሚያ የሚሠራ ወርክሾፕ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ብቻ የሚሰጥ ማሽን ከገዛ ይህን ምርጫ ከጅምሩ ዘጋ ማለት ነው። አንድ ሺህ ሊትር ውኃ አንድ ቶን ይመዝናል፤ በከፍታ ላይ ሲቆምም ከሥሩ ሰው ያልፋል።

ባለ ጋዝ የሽቦ ብየዳ በቀጭን ላሜራ ላይ ፈጣንና ንጹሕ ነው፤ ጥቀርሻ የለውም፤ የመፍጨት ሥራን ይቀንሳል። ነገር ግን የጋዝ ሲሊንደር መሙላት፣ ሽቦና የአፍ ጫፍ በየጊዜው መተካት ይጠይቃል፤ ነፋስ ጋዙን ስለሚበትነውም ደንበኛ ቤት ድረስ ሄዶ ለመግጠም አይመችም። ጋዝ በአቅራቢያው በማይሞላበት ከተማ ለሚሠራ ወርክሾፕ ሁለተኛ እንጂ የመጀመሪያ ማሽን ሊሆን አይችልም።

5. የከፍታ ጉዳይ

በውጭ አገር የተዘጋጁ የምርጫ መመሪያዎች በአብዛኛው የማይነኩት፣ ለእኛ ግን አስፈላጊ የሆነ ነጥብ ከፍታ ነው። የብየዳ ማሽኖችና የኤሌክትሪክ ሞተሮች መደበኛ ልኬት እስከ 1000 ሜትር ከፍታና እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ላለበት ቦታ የተሰጠ ነው። አዲስ አበባ ግን 2400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል፣ ጥግግቱም ከአምስት እጅ አንድ እጅ በላይ ያንሳል።

ውጤቱ በሦስት መሣሪያዎች ላይ ይታያል። አንደኛ፣ በማራገቢያ የሚቀዘቅዝ የብየዳ ማሽን ሙቀቱን የሚወስድለት አየር ስለሳሳ በሰሌዳው ከተጻፈው የሥራ ዑደት በታች ሊሠራ ይችላል፤ ስለዚህ ከስሌቱ በላይ መጠነኛ ትርፍ አቅም መያዝ ይገባል። ሁለተኛ፣ ተርቦ የሌለው የቤንዚን ጄኔሬተር የሚያቃጥለው አየር ስለሚያንሰው ጉልበቱ ከ20 እስከ 25 በመቶ ይቀንሳል፤ 5 ኪሎ ዋት የተባለው አዲስ አበባ ላይ 4 ኪሎ ዋት ያህል ቢሰጥ ነው። ሦስተኛ፣ የቀለም መርጫ ኮምፕሬሰር በእያንዳንዱ ምት የሚስበው አየር ሩብ ያህል ስለሚጎድለው ታንኩን ለመሙላት አንድ ሦስተኛ ያህል ተጨማሪ ጊዜ ይወስዳል።

በቆላ አካባቢ ጉዳዩ ይገለበጣል። ሰመራ ላይ ከፍታው ችግር አይደለም፤ ሙቀቱ ግን ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ጊዜ ስላለ የሥራ ዑደቱ በዚያ በኩል ይቀንሳል። ስለዚህ አንድ ወርክሾፕ የሌላውን ከተማ ዝርዝር ሲቀዳ የሌላውን አየር ጠባይም አብሮ መቅዳቱ ነው።

6. መብሻና ላሜራ ማጠፊያ፦ መግዛት ወይስ ማሠራት?

በተራ ብረት ላይ ጥሩ ፑንታ በደቂቃ 25 ሜትር ያህል የጠርዝ ፍጥነት ይስማማዋል። ለ10 ሚሊ ሜትር ፑንታ ይህ በደቂቃ 800 ዙር ነው። በደቂቃ 3000 ዙር በሚዞር የእጅ ትራፓኖ ቢበሳ ፍጥነቱ ከአራት እጥፍ ሊጠጋ ይደርሳል፤ ፑንታው ይግላል፤ ይሰማዋል፤ ሠራተኛው «ፑንታው ጥራት የለውም» ይላል። ችግሩ ግን ፍጥነቱ ነው። ፍጥነቱ የሚቀያየር ባለ መቀመጫ ትራፓኖ ይህን ያስቀራል፤ የፑንታ ወጪንም ይቀንሳል።

ላሜራ ማጠፍ ሌላ ነው። 2 ሜትር ርዝመትና 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ላሜራ በፕሬስ ለማጠፍ፣ የታችኛው ቅርጽ ክፍተት የውፍረቱ ስምንት እጥፍ ሲሆን፣ 21 ቶን ገደማ ኃይል ያስፈልጋል። ለ3 ሚሊ ሜትር 42 ቶን ይሆናል። ይህን የሚችል ማሽን ከአነስተኛ ወርክሾፕ አቅምና ቦታ በላይ ነው። በሌላ በኩል በብዙ ከተሞች ላሜራን በክፍያ ቆርጠውና አጥፈው የሚሰጡ ድርጅቶች አሉ።

ውሳኔውን በስሌት ማየት ይቻላል። ለማሳያ ብቻ፣ ማሽኑ 240,000 ብር ቢገዛና አምስት ዓመት ቢያገለግል በወር 4000 ብር ይወድቅበታል። የወለድ፣ የጥገናና የቦታ ወጪ 2000 ብር ቢታከል 6000 ብር ይሆናል። ውጪ ማሠራት ከማጓጓዣው ጋር በአንድ ላሜራ 100 ብር፣ በራስ ማሽን ማጠፍ ደግሞ በጉልበትና በመብራት 25 ብር ቢፈጅ የሚተርፈው 75 ብር ነው። 6000 ለ75 ሲካፈል 80 ይሆናል። በወር ከ80 ላሜራ በታች የሚያጥፍ ወርክሾፕ ማሽኑን ቢገዛ ይከስራል። የዋጋውን ቁጥሮች በዕለቱ ገበያ መተካት ለማንም ቀላል ነው፤ የስሌቱ መንገድ ግን አይለወጥም። ውጪ ማሠራት ሥራን የሚያዘገይ ከሆነ የመዘግየቱ ወጪም በአንድ ላሜራ ታስቦ ይጨመራል።

7. የመከላከያ ዕቃና የግዢ ዝርዝር

የመከላከያ ዕቃ ብዙ ጊዜ «ገንዘብ ከተረፈ» በሚል ወደ ዝርዝሩ ግርጌ ይወርዳል። ከላይ የተሠሩት ስሌቶች ግን ተቃራኒውን ያሳያሉ። በ100 አምፒር አካባቢ ለሚበይድ ሰው ጥቁረቱ ቁጥር 10 ወይም 11 የሆነ መስታወት ያስፈልጋል፤ ተራ የፀሐይ መነጽር ዓይንን ከአርኩ ጨረር አይጠብቅም። ለሚፈጨው የፊት መሸፈኛና የጆሮ መከላከያ፣ ለሁሉም የቆዳ ጓንትና ጠንካራ ጫማ ያስፈልጋል። ዚንክ የተቀባ ላሜራ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ከሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ያስከትላል፤ ስለዚህ ከመበየዱ በፊት ዚንኩን ከመገጣጠሚያው ላይ ማንሣትና ቦታውን ማናፈስ ይገባል። በመስመሩ ላይ የሚገጠም የ30 ሚሊ አምፒር የፍሳሽ ማቋረጫም ከማንኛውም ማሽን በዋጋ ያነሰ፣ የሰው ሕይወት ግን የሚያተርፍ ነው።

የግዢ ዝርዝሩ አጻጻፍም ጥንቃቄ ይሻል። የወርክሾፕ ቋንቋችን ላሜራ፣ ቱቦላሬ፣ ሞርሳ፣ ትራፓኖ፣ ቶርኖና ፍሬሳ የመሳሰሉ ከጣሊያንኛ የገቡ ቃላት የበዙበት ነው። ቃላቱ በሠራተኞች መካከል ያግባባሉ፤ ለግዢ ግን ብቻቸውን አይበቁም። «አንድ ትራፓኖ» ተብሎ ከተጻፈ የእጁም ባለ መቀመጫውም ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ከስሙ ጋር የሚይዘው ትልቁ ፑንታ፣ የዙሩ መጠን፣ ቮልቴጁ፣ የሥራ ዑደቱና መለዋወጫው በአገር ውስጥ የሚገኝ ስለመሆኑ መጻፍ አለበት። ብሩሽና ማብሪያ ማጥፊያው በአቅራቢያ የማይገኝ ግራይንደር በዋጋ ቢያንስም ከወራት በኋላ ለመለዋወጫነት የሚፈታ ዕቃ ይሆናል።

ማጠቃለያ

ከዚህ ጽሑፍ የሚገኘው የግዢ ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው። በመጀመሪያው ዙር መለኪያ፣ ሞርሳ፣ ክላምፕና ጠረጴዛ፣ የመከላከያ ዕቃ፣ እንዲሁም አስተማማኝ መስመርና ገመድ ይሟላሉ። በሁለተኛው ዙር በሚፈለገው አምፒር የሥራ ዑደቱ የተረጋገጠ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ኢንቨርተር፣ ባለ መቀመጫ መቁረጫ፣ ሁለት መጠን ያላቸው ግራይንደሮችና ባለ መቀመጫ ትራፓኖ ይገዛሉ። በሦስተኛው ዙር፣ የተመዘገበው የሥራ ጊዜ ፍላጎቱን ካሳየ ብቻ፣ ኮምፕሬሰር፣ የሽቦ ብየዳ፣ ቀበቶ መጋዝና ላሜራ ማጠፊያ ይታሰባሉ።

ይህ ቅደም ተከተል ለተጠቀሰው ዓይነት ወርክሾፕ የተዘጋጀ ነው። ምርቱ፣ መስመሩ ወይም ከተማው ሲለወጥ ዝርዝሩም ይለወጣል፤ ጥያቄዎቹ ግን እነዚያው ናቸው። በሜካኒካልና በማኑፋክቸሪንግ ዘርፍ ለምንማር የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችም ያልተሠራ ሥራ እዚህ አለ። በየከተማው ባሉ አነስተኛ ወርክሾፖች የሥራ ጊዜን መለካት፣ የሥራ ዑደትን በከፍታ ላይ መፈተሽ፣ የዲስክ አጠቃቀምን መመዝገብ ከፍተኛ ላቦራቶሪ አይጠይቅም። ውጤቱ ግን አምስት ወጣቶች የተበደሩት ገንዘብ ወደ ሥራ መግባቱንና ዓይናቸውም ደኅና ሆኖ ብድሩን ከፍለው መጨረሳቸውን የሚወስን ነው።